ረዣዥም የፋይል ስሞች በአሮጌው ዶስ ላይ የሚያስከትሉት ችግርና መድኃኒቱ



ነጋዴ ዕቃውን ወደ መጋዘን ሲያስገባ በየጆንያው ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ የተፋቀበት ጆንያ ምንም እንኳ በውስጡ ያለው ቡና እጅግ የተመረጠ ቢሆን፣ የማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ እስኪታወቅ ድረስ ከቆመበት አይነሣም። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይልም ዕጣው ይኸው ነው። በውስጡ ያለው ሒሳብ ትክክል ሆኖ ስሙ ከተቈረጠ ወይም ከተለወጠ፣ ጸሐፊው አያገኘውም፤ ከዚያም የከፋው ነገር፣ ሌላውን ፋይል እርሱ ነው ብሎ ይወስደዋል።

ዛሬ ብዙዎቹ የንግድ ቤቶች አዳዲስ ኮምፒዩተሮችን ቢይዙም፣ የቀድሞው የሒሳብ ፕሮግራም በዶስ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ወይም የብዙ ዓመት መዝገብ በአሮጌ ዲስክ ላይ ስላለ፣ አሮጌውን መኪና በአንድ ማዕዘን አቁመው የሚያሠሩ አልጠፉም። ይህ ትምህርት የተጻፈው በተለይ ለእነርሱ ነው። ትእዛዞቹ በመኪናው ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛ ግን እዚህ እንደሚነበቡ አድርገን በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአጭሩ ስም አመጣጥ

ዶስ ማለት በሥዕል ሳይሆን በተጻፈ ትእዛዝ የሚታዘዝ የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። ቲም ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራውን ፕሮግራም ማይክሮሶፍት ገዝቶ ኤም ኤስ ዶስ አለው፤ አይ ቢ ኤምም በ1981 ከግል ኮምፒዩተሩ ጋር ለገበያ አቀረበው። ፓተርሰን የፋይል ስም አሰጣጡን የወሰደው ጋሪ ኪልዳል ከሠራው ሲ ፒ ኤም ከተባለው ቀዳሚ ፕሮግራም ነው። በዚህ ሥርዐት የፋይል ስም ከ8 ፊደል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የዐይነቱ መለያም ከ3 ፊደል አይበልጥም።

ይህ ልክ የተወሰነው በንፉግነት አይደለም። የመጀመሪያው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው 160 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዲስኩ ማውጫ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው ስፍራ 32 ባይት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 11ዱ ለስም ተመደበ፤ የቀረው ለቀኑ፣ ለሰዓቱ፣ ለመጠኑና ለመሳሰለው ሆነ። ጠባብ ሱቅ ያለው ሰው ሰፊ መደርደሪያ አይሠራም።

ረጅሙ ስም የተደበቀበት ዘዴ

ከጊዜ በኋላ ሰው ሁሉ የፋይሉን ስም በሙሉ ቃል መጻፍ ፈለገ። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ስም ለሕዝብ ተፈቀደ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች እንዳያፈርስ ስለ ፈራ፣ አጭሩን ስም አላስቀረም፤ ረጅሙን ስም ከአጭሩ ጎን ደብቆ አስቀመጠው እንጂ።

ዘዴው የሚከተለው ነው። ረጅሙ ስም በ13 በ13 ፊደል ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል በማውጫው ላይ እንደ ተጨማሪ መስመር ይቀመጣል። እነዚህ መስመሮች ለተራ ፋይል ፈጽሞ የማይሰጥ ምልክት ስለ ተደረገባቸው፣ አሮጌው ዶስ ፋይል አይደሉም ብሎ ያልፋቸዋል። በየመስመሩም ላይ ከአጭሩ ስም ተሰልቶ የተገኘ የማረጋገጫ ቍጥር አለ። አጭሩ ስም ከተለወጠ ቍጥሩ አይገጥምም፤ ዊንዶውስም ረጅሙን ስም ባለቤት እንደሌለው ቈጥሮ ይተወዋል።

አጭሩን ስም የሚያወጣው ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው። ባዶ ቦታዎችን ያወጣል፤ የመጀመሪያዎቹን 6 ፊደላት ይወስዳል፤ ከዚያም ~ የሚለውን ምልክትና ቍጥር ይጨምራል። «ቡና ሽያጭ ሚያዝያ» እና «ቡና ሽያጭ ግንቦት» የሚሉ ሁለት ስሞች በላቲን ፊደል ቢጻፉ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት በሁለቱም «ቡናሽ» የሚለው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የተጻፈው «ቡናሽ~1»፣ በኋላ የተጻፈው «ቡናሽ~2» ይባላል። ልብ በሉ! ቍጥሩ የሚነግረን የአመጣጥን ተራ እንጂ የፋይሉን ማንነት አይደለም።

በእኔ ላይ የደረሰ ስሕተት

ይህን ነገር በመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ የየወሩን የሽያጭ መግለጫ በዊንዶውስ እየጻፍሁ፣ በዶስ በኩል በአሮጌው ማተሚያ አትም ነበር። ትእዛዙን ሁልጊዜ እንዳልደጋግም በአንድ ፋይል ጽፌው ነበርና፣ «ቡናሽ~1ን አትም» ይል ነበር። «ቡናሽ~1» የሚያዝያ መግለጫ መሆኑን በሚገባ ዐውቅ ነበር።

አንድ ቀን ፋይሎቹን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ገለበጥኋቸው። ዊንዶውስ የገለበጣቸው በፊደል ተራ ስለ ነበረ፣ በላቲኑ ተራ ግንቦት ሚያዝያን ቀደመ፤ በአዲሱ ዲስክ ላይም ግንቦት «ቡናሽ~1» ሆነ። ረጃጅሞቹ ስሞች አልተነኩም፤ በዊንዶውስ ሲታዩ ሁሉም ደኅና ነበር። የታተመውን ወረቀት ሳላስተውል አጥፌ በፖስታ አሸግሁት፤ የሚያዝያ ወር ዕዳውን ለጠየቀን ደንበኛም ገና ያልደረሰበትን የግንቦት ሒሳብ ላክሁለት።

ደንበኛው በማግሥቱ መጥቶ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ አሠሪዬ ሁለቱን መግለጫዎች አስተያይተው «ልጄ፣ መኪናው አልዋሸም፤ አንተም አልዋሸህም፤ ስሙ ግን ዋሸ» አሉኝ። ገንዘብ አልጠፋም፤ ነገር ግን ያ ደንበኛ ከዚያ ወዲያ ከእኛ የመጣለትን ደረሰኝ ሁሉ ሁለት ጊዜ ሳይቈጥር አልተቀበለም። እምነት የንግድ ዋና ገንዘብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህን ኪሳራ መጠን ይረዳዋል።

ልዩ ልዩ ችግሮችና መድኃኒታቸው

በመጀመሪያ መኪናው ምን እንደሚያውቅ መመርመር ያስፈልጋል። «ቨር» ብለው ሲጽፉ የፕሮግራሙን ስምና ቍጥር ይናገራል። ኤም ኤስ ዶስ 6.22 ወይም ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ ረጅም ስም ፈጽሞ አያውቅም። ዊንዶውስ 95 ወይም 98 ከሆነ ደግሞ «ዲር» ብላችሁ ማውጫውን ተመልከቱ። ረጅሙ ስም በስተቀኝ ከታየ ድጋፉ አለ፤ አጭሩ ብቻ ከታየ መኪናው ያለ ዊንዶውስ በዶስ ብቻ ተነሥቷል ማለት ነው። የረጅሙ ስም ጠባቂ በዊንዶውስ ውስጥ ያለ ክፍል ስለ ሆነ፣ ዊንዶውስ ካልተነሣ እርሱም አይነሣም። መድኃኒቱ ዊንዶውስን አስነሥቶ የዶሱን መስኮት በዚያ ውስጥ መክፈት ነው።

አንደኛ፦ ትእዛዙ «መመሪያው በዛ» የሚል መልስ ቢሰጥ። ዶስ ባዶ ቦታን የሚያየው እንደ ቃል መለያ ነው። ስለዚህ «ቡና ሽያጭ ሚያዝያ» ቢባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተጠየቁ ይመስለዋል። በዊንዶውስ ውስጥ በተከፈተው የዶስ መስኮት ስሙን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ይበቃል። በጥንቱ ዶስ ግን ጥቅሱም አይረዳም፤ አጭሩን ስም ከማውጫው አንብቦ እርሱኑ መጻፍ ግድ ነው።

ሁለተኛ፦ ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላ ረጅሙ ስም ቢጠፋ። በጥንቱ ዶስ «ኮፒ» የተባለው ትእዛዝ የሚያየው አጭሩን ስም ብቻ ስለ ሆነ፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ የሚጽፈውም እርሱን ብቻ ነው። እንዲሁም በዶስ «ሬን» ብሎ ስም የለወጠ ሰው የማረጋገጫውን ቍጥር ያፈርሰዋል። ከረጅም ስም በፊት የተሠሩ የዲስክ ጠጋኞችና አስተካካዮችማ የተደበቁትን መስመሮች እንደ ብልሽት ቈጥረው ሊያጠፏቸው ይችላሉ። ስለዚህ ረጅም ስም ያለበትን ዲስክ በእነዚህ አታስነኩ። ለዊንዶውስ 95 ባለቤቶች ማይክሮሶፍት በሲዲው ላይ ኤል ኤፍ ኤን ቢ ኬ የተባለ መሣሪያ አውጥቶ ነበር፤ ይህም ረጃጅሞቹን ስሞች አስቀድሞ በአንድ ፋይል መዝግቦ፣ የአሮጌው መሣሪያ ሥራ ካለቀ በኋላ ይመልሳቸዋል። በመካከሉ ግን ማውጫዎቹን መለዋወጥ አይገባም።

ሦስተኛ፦ ዲስኩ ሳይሞላ «ፋይል መፍጠር አይቻልም» ቢል። ይህ ብዙ ጸሐፊዎችን ዲስክ ያስጣለ ችግር ነው፤ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው። የ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዋና ማውጫ የሚይዘው 224 መስመር ብቻ ነው። አጭር ስም ያለው ፋይል አንድ መስመር ይወስዳል። 40 ፊደል ያለው ስም ግን ለረጅሙ 4፣ ለአጭሩ 1፣ በጠቅላላው 5 መስመር ይወስዳል። እንዲህ ያሉ ፋይሎች 44 ከሆኑ በኋላ፣ ዲስኩ ገና ግማሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ ማውጫው ሞልቷል። መድኃኒቱ በዲስኩ ላይ ንኡስ ማውጫ መክፈትና ፋይሎቹን በዚያ ማስገባት ነው፤ ንኡስ ማውጫ እንደ ዋናው በተወሰነ መስመር አይታሰርምና።

አራተኛ፦ በኮከብ ምልክት የሚደረግ ስረዛ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ስለ ሆነ በጥብቅ አስተውሉ። የቀድሞው የኤክሴል ፋይል መለያው «ኤክስ ኤል ኤስ» የሚል 3 ፊደል ነው፤ ከ2007 ወዲህ ያለው ግን «ኤክስ ኤል ኤስ ኤክስ» የሚል 4 ፊደል ነው። በአጭሩ ስም ላይ የአራተኛው ፊደል ቦታ ስለሌለ፣ አዲሱም ፋይል በአጭር ስሙ «ኤክስ ኤል ኤስ» ተብሎ ይመዘገባል። ዊንዶውስ ደግሞ በኮከብ ሲፈልግ ረጅሙንም አጭሩንም ስም ያስተያያል። ስለዚህ አንድ ሰው አሮጌዎቹን ብቻ ለመሰረዝ አስቦ «ዴል ኮከብ ነጥብ ኤክስ ኤል ኤስ» ብሎ ቢያዝ፣ አጫጭር ስሞች ባሉበት ዲስክ ላይ አዲሶቹም አብረው ይጠፋሉ። ይህ ችግር በዛሬዎቹ ዊንዶውሶችም አለ። መጠንቀቂያው ቀላል ነው፤ «ዴል» ከማለት በፊት ያንኑ ትእዛዝ በ«ዲር» ጽፎ የሚወጣውን ዝርዝር ማንበብ ነው። በ«ዲር» የታየ ሁሉ በ«ዴል» የሚጠፋ ነው።

አምስተኛ፦ በአማርኛ የተጻፉ ስሞች። ረጅሙ ስም የሚጻፈው ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ነው። የእኛ ፊደል በዚህ ሰንጠረዥ በ1999 ስለ ገባ፣ የዛሬው ዊንዶውስ በአማርኛ የተጻፈን የፋይል ስም ያለ ችግር ይይዛል። ዶስ ግን የሚያውቀው 256 ምልክቶችን ብቻ ነው፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ፊደል የለም። ስለዚህ በአጭሩ ስም ላይ የአማርኛው ፊደል ጠፍቶ ሌላ ምልክት ይተካበታል፤ ዐሥር የተለያዩ ስሞችም አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስቸግሩ ሆነው ይታያሉ። ወደ አሮጌው መኪና የሚሄድ ፋይል ስሙ በላቲን ፊደልና በቍጥር ይጻፍ።

ስድስተኛ፦ በሲዲና በታሸገ ፋይል ላይ። ረዣዥም ስሞች ያሉበት ሲዲ በዶስ ሲከፈት አጫጭር ስሞች ብቻ ይታያሉ፤ በሲዲው ላይ ለዊንዶውስ የተጻፈውን ሁለተኛ ማውጫ የዶስ ሲዲ አንባቢ አያውቀውም። በአሮጌው የዶስ ፒኬዚፕ የታሸገ ፋይልም የሚይዘው አጭሩን ስም ነው። ስለዚህ ማሸጉ በዊንዶውስ ይደረግ።

ድጋፍን በዶስ ላይ ስለ መጨመር

ጥንታዊውን ዶስ ሳይለቅ ረጅም ስም ለማየት የሚፈልግ ሰው ዶስ ኤል ኤፍ ኤን የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሊያስነሣ ይችላል። ይህ ፕሮግራም በማስታወሻው ውስጥ ተቀምጦ የረጅም ስም ጥያቄዎችን ይመልሳል። ነገር ግን የሚጠቀመው ጥያቄውን መጠየቅ የሚያውቅ ፕሮግራም ብቻ ነው። የኤም ኤስ ዶስ 6.22 የራሱ «ዲር» አይጠይቅም፤ በነጻ የሚሰጠው ፍሪዶስ የተባለው ሥርዐት የትእዛዝ ተቀባይ ግን ይጠይቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙን አስነሥቶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ፕሮግራሙን ከመውቀሱ በፊት ጠያቂውን ይመርምር።

ዛሬ ብዙ ሰው አሮጌውን የሒሳብ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ የሚያሠራው ዶስቦክስ በተባለው አስመሳይ ነው። ዶስቦክስ ለዊንዶውስ ፋይሎች የራሱን አጭር ስም ስለሚያወጣ፣ በዚያ ውስጥ ያለው «~1» እና በዊንዶውስ ውስጥ ያለው «~1» አንድ ፋይል ናቸው ብሎ ማመን አይገባም። ዊንዶውስ የሰጠውን አጭር ስም ለማየት በዛሬው የትእዛዝ መስኮት «ዲር» ብሎ «/ኤክስ» መጨመር ይበቃል። ከስሙ አጠገብ ያለው ስፍራ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ በዚያ ዲስክ ላይ አጭር ስም ማውጣት ተዘግቷል፤ ወይም ረጅሙ ስም ራሱ በ8ና በ3 ልክ የተጻፈ ነው።

ለጽሕፈት ቤት የሚበጅ ደንብ

ችግሩ ከመጣ በኋላ ከመጠገን አስቀድሞ መከልከል ይሻላልና፣ በእኛ ቤት የተሞከረውን ደንብ እናቀርባለን።

1. በሁለቱም መኪና የሚሠራበት ፋይል ስሙ ከ8 ፊደል፣ መለያውም ከ3 ፊደል አይለፍ። 2 ፊደል ለዕቃው፣ 2 ቍጥር ለዓመቱ፣ 2 ለወሩ፣ 2 ለተራው ይሁን። በ2017 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር የመጀመሪያው የቡና መግለጫ «ቢ ኤን 170801» ይባላል። ዓመቱ ከወሩ ስለሚቀድም የአንዱ ዕቃ ፋይሎች በስም ሲደረደሩ በዘመናቸው ተራ ይሰለፋሉ።

2. የዚህ አጭር ስም ትርጉም በአንድ የወረቀት መዝገብ ላይ በሙሉ ቃል ይጻፍ። መዝገቡም ከመኪናው አጠገብ ይቀመጥ።

3. በሚቀመጥ ትእዛዝ ውስጥ «~» ያለበት ስም በፍጹም አይጻፍ። እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው።

4. ከመገልበጥ በፊትና በኋላ የማውጫው ዝርዝር ታትሞ ይነጻጸር፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን መጠኑና ቀኑም ይታይ። ስሙ ሲለወጥ መጠኑ አይለወጥምና፣ ጠፋ የተባለው ፋይል ብዙ ጊዜ በመጠኑ ይገኛል።

5. ከታተመ ወረቀት ላይ ወሩና የደንበኛው ስም ሳይነበብ ወደ ፖስታ አይግባ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊው ከሰነፈ መኪናው በራሱ ፈቃድ ያወጣዋል፤ መኪናው ደግሞ ሚያዝያን ከግንቦት ለይቶ አያውቅም። ሕግ መዝገብ ጠብቁ ያለን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጠያቂ ሲመጣ ከፍተን እንድናሳይ ነው። ያን ጊዜ ጠያቂው ፊት የሚቆመው ሰው ዛሬ ስሙን ያወጣው ጸሐፊ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚነበብ ምልክት በየጆንያው ላይ እናድርግለት።